አካል የሌለው ድምፅ፤ የወሬ ማስተላለፊያ መሣሪያዎች በኢትዮጵያውያን ሥነ ልቡናና ማንነት ላይ ስላመጡት ለውጥ

ባለፈው ዓመት በማደሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «የዘመኑ ወጣት ልቡናው የተለወጠው በእጁ በያዘው ስልክ ምክንያት ነው» ሲሉ፥ ሌሎቹ ደግሞ «መሣሪያ ምን ጊዜም መሣሪያ ነው፤ ሰውን የሚለውጠው ሰው ነው» እያሉ ይመልሱ ነበር። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ስለ ዛሬ ብቻ ስለ ነበረ ክርክሩ ፍሬ ሳያፈራ ሌሊቱ ተጋመሰ። እኛ ግን ነገሩን ከታሪክ በኩል ብንይዘው ይሻላል ብለን ስላሰብን፥ ከነጋሪት አንሥተን እስከ ኪስ ስልክ ድረስ ያለውን መንገድ በአጭሩ ልንመረምር ሞከርን። ከሁሉ ይልቅ የምናተኩረው በራዲዮ ላይ ነው፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ ፊት ያገኘዋል። ዓመተ ምሕረቱ እንደ አገራችን አቆጣጠር ነው፤ የውጭ አገር መጻሕፍት የታተሙበትን ዘመን ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

በቀድሞ ዘመን የመንግሥት ቃል ወደ ሕዝብ የሚደርሰው በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር። ነጋሪቱ ሲመታ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪው በዓይን ይታያል፤ ቃሉን የሰማው ሰው ከአጠገቡ ከቆመው ሰው ጋራ ፊት ለፊት ይተያያል፥ ያጉረመርማል፥ ወይም እልል ይላል። ንጉሡ ራሳቸው ለሕዝብ በቀጥታ መናገር የተለመደ አልነበረም። «አፈ ንጉሥ» የሚለው ማዕረግ፥ በኋላ የዳኝነት ሹመት ቢሆንም፥ ትርጓሜው እንደሚያስረዳን የንጉሡን ቃል የሚናገር ሌላ አፍ ማለት ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ቃል ሁሉ አካል ነበረው፤ ማን እንደ ተናገረው በዓይን ይታይ ነበር። ሁለተኛው፥ ሰሚው ብቻውን አልነበረም። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥቱ ሕግ ማውጫ ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉ፥ ወረቀቱ የከበሮውን ክብር ይወርስ ዘንድ ታስቦ እንደ ሆነ አያጠራጥርም።

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ቴሌፎን ሲገባ ይህ የአካልና የድምፅ አንድነት ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈለ። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መስመር የተጀመረው በ1880ዎቹ ዓመታት ነው። ካህናቱ ሰው ሳይታይ ድምፅ መስማታቸውን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ ሲነገር ኖሯል። ከዚያም ሲኒማ በመጣ ጊዜ በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሲኒማ ቤት በሕዝቡ አፍ «ሰይጣን ቤት» ተባለ። እኛ በትምህርት ቤት ሳለን ይህን ታሪክ ስንሰማ እንስቅ ነበር። ዛሬ ግን ሳቁ ተገቢ እንዳልነበረ ይሰማናል። እነዚያ ሰዎች የማያውቁትን ነገር ስም ሲሰጡት፥ አካል የሌለው ድምፅና ነፍስ የሌለው ምስል በሰው ልብ ላይ ኃይል እንዳላቸው ከእኛ ቀድመው ተረድተዋል ማለት ነው። ስሙ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ፍርሃቱ ግን መሠረት ነበረው።

የጋዜጣን ነገር በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1890ዎቹ «አእምሮ»፥ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» መታተማቸው በትምህርት ዕድገት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ቤኔዲክት አንደርሰን የተባለው ሊቅ በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ፥ አንድ ጋዜጣ የሚያነቡ ሰዎች ሳይተዋወቁ ራሳቸውን እንደ አንድ ሕዝብ ማሰብ ይጀምራሉ ሲል ጽፏል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በአገራችን ማንበብ የሚችለው ሰው እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፥ አንደርሰን ለጋዜጣ የሰጠውን ሥራ በኢትዮጵያ የሠራው ራዲዮ ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

የአቃቂው የራዲዮ ጣቢያ የተመረቀው በ1927 ዓ.ም. ነው። የሠራው የኢጣልያ ኩባንያ መሆኑ የታሪክ ምፀት ነው፤ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ ጣቢያው የኢጣልያን ወረራ ለዓለም ለመክሰስ አገለገለ። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ለአሜሪካ ሕዝብ በራዲዮ ንግግር አደረጉ። በአፈ ንጉሥ ይናገር የነበረው መንግሥት አሁን በገዛ ድምፁ ባሕር ተሻግሮ ተናገረ። ነገር ግን ያን ድምፅ ከራሱ ከኢትዮጵያ ሕዝብ የሰማው እጅግ ጥቂት ነበር፤ የራዲዮ መቀበያ ያለው ሰው በጣት የሚቈጠር ነበርና። ከነፃነት በኋላም ቢሆን ብዙው የከተማ ሰው ራዲዮ የሰማው በየአደባባዩ ከተተከለ ድምፅ ማጉያ ሥር ቆሞ ነው። ይህ አሰማም ገና የነጋሪት ጠባይ ነበረው፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይሰማል፥ እርስ በርሱም ይተያያል።

የአዲሱን ድምፅ ኃይልና ድካም አጥርቶ ያሳየን የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ሙከራ ነው። ግርማዊነታቸው በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ታኅሣሥ 5 ቀን አልጋ ወራሹ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን አዲስ መንግሥት መቋቋሙን በራዲዮ አሰሙ። አድማጩ ድምፁን ለየው፤ ነገር ግን የተናጋሪውን ፊት አላየም፤ ከጎኑ ማን እንደ ቆመም አላወቀም። ነገሩ ካበቃ በኋላ ተገድደው ነው ያነበቡት ተባለ። እኛ ስለዚህ ጉዳይ ፍርድ ለመስጠት አንደፍርም። የሚያስገርመን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በነጋሪት ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊነሣ አለመቻሉ ነው። አዋጅ ነጋሪው ጦር ከጀርባው ቢቆምበት ገበያተኛው ሁሉ ያየዋል። በራዲዮ ግን የሰው ድምፅ ከሰውየው ተለይቶ ሊያዝ፥ ሊቀረጽና ሊላክ ይችላል።

ራዲዮ በዐመፀኞቹ እጅ ስለ ነበረ የመንግሥቱ ወገኖች ሌላ መንገድ ፈለጉ። አውሮፕላኖች በከተማዪቱ ላይ እየበረሩ የፓትርያርኩን የአቡነ ባስልዮስን የውግዘት ቃል የያዘ ወረቀት በተኑ። የአየር ኃይሉ ዋና ሰፈር በዚያን ጊዜ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው፥ ዛሬ ቢሾፍቱ በምትባለው ከተማ ነበረ። እንግዲህ በአንድ በኩል በአየር ሞገድ የሚመጣ ዘመናዊ ድምፅ፥ በሌላው በኩል ከሰማይ የሚወርድ የጥንት ግዝት ተጋጠሙ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሰዎች ይህን ሲተርኩ ወረቀቱ ራዲዮውን አሸነፈ ይላሉ። ይህ አባባል ለጆሮ ደስ ይላል እንጂ እውነቱን አያሟላም፤ እስከ ታኅሣሥ 8 ቀን ድረስ ነገሩን የፈጸመው ታንክና ጦር ነው። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች ከጥይቱ አስቀድመው የሕዝቡን ልብ ለመያዝ መሽቀዳደማቸው፥ የአገሪቱ ፖለቲካ ወደ አዲስ ዘመን መግባቱን ያስረዳል። ከዚያ በኋላ በአገራችን መንግሥት ሊለወጥ ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ «ራዲዮ ጣቢያው በማን እጅ ነው?» የሚለው ሆነ።

ራዲዮ ከአደባባይ ወደ ጓዳ የገባው በባትሪ የሚሠራው ትራንዚስተር ሲስፋፋ ነው። ትራንዚስተር በአሜሪካ በ1947 እ.ኤ.አ. ተፈለሰፈ፤ በእርሱ የተሠራው ትንሽ ራዲዮ ለገበያ የወጣው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። የኤሌክትሪክ መብራት ባልደረሰበት አገር ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ባለራዲዮው ሰው በሰፈሩ የተከበረ ሆነ፤ «በራዲዮ ተነገረ» የሚለው ቃልም ወሬን ወደ እውነት የሚለውጥ ማኅተም ሆነ። በ1955 ዓ.ም. የካቲት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን «የብሥራተ ወንጌል ድምፅ» የተባለውን ጣቢያ በአዲስ አበባ ከፈተ፤ ስለዚህ አድማጩ ሁለት ድምፅ የማወዳደር ዕድል አገኘ። ይህ ጣቢያ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ሆነ። ሕንፃውና ማሠራጫው ያው ሆኖ ሳለ ድምፁ በአንድ ቀን መለወጡን የሰማ አድማጭ ምን እንዳሰበ መገመት አያዳግትም።

ስለ ራዲዮና ስለ ነፍስ ጠባይ ስናወራ ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከን ምሳሌ ግን የፖለቲካ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ቈየት ብሎ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የራዲዮ ዝግጅት መጽሐፉን በድምፁ ተረከው። ፊደል ያልቈጠሩ ሰዎች የሰብለንና የበዛብህን ታሪክ እንደ ጎረቤት ታሪክ አወቁት። ከዚህም የሚያስደንቀው፥ ትረካውን የሰሙ ሰዎች በኋላ መጽሐፉን ራሱን ሲያነቡ በልባቸው የሚሰሙት የገዛ ድምፃቸውን ሳይሆን የወጋየሁን ድምፅ መሆኑን መናገራቸው ነው። እኛ ከዚያ ዘመን በኋላ ብንወለድም ትረካውን በስልክ ስለ ሰማነው ያው ነገር በእኛም ላይ ደርሷል። ገጹን ስንገልጥ ሌላ ሰው በውስጣችን ያነብልናል። የካናዳው ማርሻል ማክሉሃን በ1964 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ከሚተላለፈው ነገር ይልቅ ማስተላለፊያው ራሱ የሰውን አእምሮ ይቀርጻል ሲል የተከራከረውን ስናነብ መጀመሪያ የተጋነነ መስሎን ነበር። የወጋየሁን ነገር ስናስብ ግን ከፊሉን ለመቀበል ተገደድን።

ከፊሉን ብቻ ያልንበት ምክንያት አለ። በ1931 ዓ.ም. ጥቅምት ኦርሰን ዌልስ በአሜሪካ ራዲዮ የማርስ ሰዎች ምድርን እንደ ወረሩ አድርጎ ባቀረበው ተውኔት ብዙ አድማጮች ደነገጡ። ሃድሊ ካንትሪል የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ነገሩን መርምሮ በ1940 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም፥ አንዱ የደነገጠ ሌላው ደግሞ ያልደነገጠ ለምን እንደ ሆነ ነው የጠየቀው። ዛሬ ያሉ ተመራማሪዎች ጋዜጦች ድንጋጤውን አጋንነውት እንደ ነበር ያስረዳሉ። ስለዚህ አንድ ድምፅ ሁሉን ሰው እኩል አይለውጥም። የሰሚው ትምህርት፥ ሃይማኖት፥ ከጎኑ የተቀመጠው ሰውም ጭምር ይቈጠራል።

ቴሌቪዥን በአገራችን የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ጊዜም የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ነገር ሆኖ ቈየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፥ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኀብ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋራ ተቀላቅሎ ቀረበ። የሚራበውና የሚበላው ሰው በአንድ መስኮት ጎን ለጎን ታዩ። ምስሎቹ እያንዳንዳቸው እውነት ነበሩ፤ ትርጕሙን የሰጠው ግን የቀጣዩ መቀስ ነው። ይህን ማለታችን ረኀቡን ለማቃለል አይደለም። በምስል የሚነገር ክስ ተከሳሹ መልስ የሚሰጥበት ቦታ እንደሌለው ለማሳየት ነው። ደግሞ መዘንጋት የሌለበት፥ ያን ፊልም የወሎ ገበሬ ራሱ አላየውም። የእርሱ ፊት ለሌሎች ታየ።

አሁን ወደ ማንነት ጥያቄ እንመለስ። ራዲዮ አንድ ሕዝብ ያደርጋል ስንል፥ በየትኛው ቋንቋ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። በንጉሡ ዘመን የአዲስ አበባው ጣቢያ በአማርኛ፥ በእንግሊዝኛ፥ በዐረብኛ፥ በሶማልኛና በሌሎች ጥቂት ቋንቋዎች ሲናገር፥ ከአገሪቱ ቋንቋዎች ብዙ ተናጋሪ ያለው አፋን ኦሮሞ በብሔራዊው ራዲዮ ቦታ ያገኘው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነው። ቋንቋው ከሣጥኑ ውስጥ ሲወጣ ያልሰማ ልጅ ምን ያስባል? የምሁር ቋንቋ አይደለም፥ የቤት ቋንቋ ነው ብሎ ያስባል። ቋንቋውን ማንም በአዋጅ ሳይከለክልበት እርሱ ራሱ በአደባባይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ራዲዮ በዝምታውም ያስተምራል የምንለው ስለዚህ ነው።

ይህ ነገር በምዕራብ ድንበራችን በአሶሳና በአካባቢው ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። አገሩ ከመካከለኛው መንግሥት ጋራ የተዋሐደው በ1890 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ ይኖሩበታል። የበርታ ሰዎች ከሱዳን ጋራ በንግድ፥ በእስልምናና በዝምድና ስለ ተሳሰሩ ዐረብኛ ለእነርሱ እንግዳ አይደለም። የኦምዱርማን ራዲዮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1932 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ ሞገዱ የድንበር ጠባቂ የሚያስቆመው ነገር አልነበረም። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ በድርቅ ከተጎዳው ከወሎ የመጡ ብዙ ሺህ ሰፋሪዎች በአሶሳ ዙሪያ በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች ሰፈሩ፤ እነርሱ አማርኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። እንግዲህ በአንድ ገበያ ቅቤና ማሽላ የሚገዛዙ ሰዎች፥ ወደ ቤታቸው ገብተው ራዲዮ ሲከፍቱ አንዱ ጆሮው ወደ ኦምዱርማን፥ ሌላው ወደ አዲስ አበባ ሊዞር ይችል ነበር። በመልክዐ ምድር ጎረቤት የሆነ ሰው በድምፅ ረገድ የሌላ አገር ሰው ሊሆን ይችላል። የካርታ ሠሪዎች ይህን ድንበር አይሥሉትም።

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ በዓለም የተመሰገነ ሥራ ሠራ፤ በርታና ጉሙዝ ግን ከ15ቱ ውስጥ አልነበሩም። ለእነዚህ ቋንቋዎች ፊደል ተወስኖላቸው ወደ ትምህርት ቤት የገቡት፥ በክልሉም የብዙኃን መገናኛ የተሰሙት፥ ከፌዴራሉ ሥርዓት ወዲህ ነው። በዚህ ላይ አሳባችንን በግልጽ እንናገራለን። ብዙ ቋንቋ በራዲዮ መሰማቱ አገር ይበትናል የሚለውን ክርክር አንቀበለውም፤ ቋንቋው ያልተሰማለት ሰው ከድንበር ማዶ የሚሰማው ሌላ ድምፅ ምንጊዜም አያጣምና። ነገር ግን ተቃራኒውንም አደጋ አንክድም። እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው የገዛ ወሬውን ብቻ የሚሰማ ከሆነ፥ የጎረቤቱ ሐዘን ወደ ጆሮው አይደርስም።

የኪስ ስልክ ሲመጣ ሁለቱም ነገሮች በአንድ ጊዜ በረቱ። እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስልካችን ሰኞ ማለዳ ይሰበሰብና ቅዳሜ ይመለስልን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙዎቻችን ባዶ ኪሳችንን ስንዳብስ እንውል ነበር፤ አንዱ ጓደኛችንም በሌለ ስልክ ጭኑ ሲንቀጠቀጥ እንደሚሰማው ይምል ነበር። ከወር በኋላ ተረሳ፤ ቅዳሜ ሲመለስ ግን የሳምንቱን ወሬ ሁሉ በአንድ ሌሊት ለመጨረስ እንቅልፍ አጣን። ይህ ትንሽ ነገር ነው። ትልቁ ነገር በመተከል ዞን በ2012ና በ2013 ዓ.ም. ብዙ ሰላማዊ ሰዎች በተገደሉበት ጊዜ የታየው ነው። ዘመድ ያለው ሁሉ ወሬውን የሚጠብቀው ከስልኩ ነበር፤ የላኪው ማንነትም ከወሬው ጋራ ተያይዞ አይመጣም። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185ን አወጣ፤ በዚያው ዓመት ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት በመላው አገር ለሳምንታት ተዘጋ። በሩዋንዳ ራዲዮ በ1994 እ.ኤ.አ. ስላደረሰው ጥፋት ሊቃውንት ዛሬም አልተስማሙም፤ አንዱ ማሠራጫው ግድያውን አብዝቷል ሲል፥ ሌላው ገዳዮቹን ይልቁን ያነሣሣቸው ፊት ለፊት የመጣባቸው የሰፈራቸው ሰው ነው ይላል። የጓደኞቻችን ክርክር በሌላ አገር በደም ቀለም ተጽፎ ቈያቸው ማለት ነው።

በዚያው ክልል በጉባ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ የነገሩን ሌላ ፊት ያሳያል። ወደ 8100 አጭር መልእክት በመላክ ገንዘብ ያዋጣ ሰው፥ ጉባን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ቢሆን እንኳ፥ በጣቱ ንክኪ የግድቡ ባለቤት ነኝ ብሎ አሰበ። በድምፅ ማጉያ ሥር ቆሞ ይሰማ የነበረው ሰው አሁን መልስ የሚልክ ሆነ።

ለወደፊት ሊመረመር የሚገባው አንድ ነገር እዚሁ ላይ ነው። በበርታም ሆነ በጉሙዝ መጻፍ የሚችለው ሰው ገና ጥቂት ነው። ነገር ግን ስልክ የተቀረጸ ድምፅ መላክ ስለሚችል፥ ፊደል ያልቈጠረች እናት ከተማ ላለ ልጇ በገዛ ቋንቋዋ ተናግራ ትልክለታለች። እርሱም መንገድ ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ይሰማል፤ ከዚያም ወደ አፉ አምጥቶ፥ ሰው እየሰማው፥ በዚያው ቋንቋ ይመልስላታል።